ሳተላይት ዘመድ የለውም

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ አፈር ነው የማወራው፤ ስለ ፖለቲካ አይደለም። (ካመናችሁኝ እስከ መጨረሻው አንብቡና እንደገና እንነጋገር።)

ነገሩን ከማክሰኝት ልጀምር። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዛችሁ የምታገኟት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙዎቻችን የምናውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከከተማዋ በላይ ግን ጉማራ-ማክሰኝት የሚባል ተፋሰስ አለ። ስፋቱ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታችኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ሲሆን ላይኛው ጫፉ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ክረምት ሲገባ ከዚያ አናት የተነሳው ውሃ ቁልቁል እየተንደረደረ ወደ ጣና ይሄዳል። ባዶ እጁን ግን አይሄድም። አፈር ይዞ ነው።

"ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ይባላል። ግንዱስ ይታያል። አፈሩ ግን ውሃ መስሎ ስለሚሄድ ማንም "ያዙት!" ብሎ አይጮህበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወደ ጣና የሚወርዱ ሁለት ጉማራዎች አሉ። የፎገራው ጉማራ ትልቁ ነው፤ ከግልገል ዓባይ፣ ከርብና ከመገጭ ጋር ሆኖ አብዛኛውን የሐይቁን ገቢ ውሃ የሚያመጣው እሱ ነው። የማክሰኝቱ ጉማራ ትንሹ ነው። "የጉማራ ተፋሰስ ጥናት" የሚል ወረቀት ካጋጠማችሁ የትኛው ጉማራ እንደሆነ ሳታጣሩ አትለፉ። ይህን ያነሳሁት ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም፤ የስም ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ማክሰኝት ደግሞ ያልተጠና ቦታ አይደለም። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከልና ቦኩ የሚባለው የቪየና ዩኒቨርሲቲ ዓመታት የቆዩበት ተፋሰስ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትንንሽ ንዑስ ተፋሰሶችን መርጠው፣ አንዱን በድንጋይ እርከን ሠርተው፣ ሌላውን ለማወዳደሪያ እንዳለ ትተው፣ ከየመውጫቸው የሚወርደውን ጎርፍና ደለል ለክተዋል። በኮምፒውተር ሞዴል ሠርተውታል፤ የቦረቦሩን እድገት ተከታትለዋል። ከዚህ በላይ ምን ይጠና?

ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው? ጠቡ ጥናቱ ሌላ፣ ዶማው ሌላ መሆኑ ነው።

ዶማው በኮታ ነው የሚሄደው

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ መከር ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ገጠሩ በነቂስ ይወጣል። የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነው። ሕዝቡ ያለ ክፍያ ለሳምንታት ድንጋይ ይሸከማል፣ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። በዚህች አገር ገበሬ በገዛ ጉልበቱ የሠራውን ያህል ተራራ የትኛውም ዶላር አልሠራም።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያ ጉልበት የት ቦታ መዋል እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው?

አሠራሩን የማያውቅ የለም። ዕቅድ ከላይ ይወርዳል። ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ይባላል። ለዞን ይካፈላል፤ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ ያካፍላል። ቀበሌ ደግሞ ለልማት ቡድን ያከፋፍላል። እንደ ሰርግ ቤት ሥጋ ለሁሉም ይደርሳል። ሪፖርቱም በዚያው መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። መቶኛው ከመቶ በላይ ሆኖ ሲመለስ ማየትም አዲስ አይደለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጎርፍ ኮታ አያውቅም። ሃንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ25 ዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ናት። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ ከአባቱ መሬት ሲካፈል ግማሽ ስንዝር አፈር ጎድሎ ይረከባል ማለት ነው።

ይህም አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ጨዋ ውሸታም ነው። አንዱ ማሳ ጥቂት ቶን፣ ሌላው ማሳ ከመቶ ቶን በላይ ሲያጣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና "ሁላችሁም እኩል ታማችኋል" ይላል። በእውነተኛው ተራራ ላይ ግን ብዙው ደለል የሚወርደው ከጥቂት ቦታ ነው። ከተራቆተው ትከሻ፣ ልቅ ግጦሽ ከጨረሰው ጥግ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ከሚበላው ቦረቦር። ስለዚህ ጉልበትን እኩል ማካፈል ፍትሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሐኪም መድኃኒቱን ለታመመውም ላልታመመውም ግማሽ ግማሽ ቢያድል ፍትሐዊ ትሉታላችሁ?

እስቲ ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ሺህ ሰው ለ30 ቀን ቢወጣ 30,000 የሥራ ቀን ነው። ግማሹ ምንም ጎርፍ በማያስቸግረው ለጥ ያለ መሬት ላይ ቢውል 15,000 የሥራ ቀን መና ቀረ ማለት ነው። በዚህ ቀን ገበሬው ልጁን ይድር፣ ጎተራውን ይጠግን፣ ገበያ ወጥቶ ይነግድ ነበር። የድሃ ጉልበት ነጻ አይደለም። ያለ ክፍያ መሆኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ካርታው ምን ይሠራል?

እዚህ ጋ ነው ሳተላይቱ የሚገባው። ነገሩ የሚፈራውን ያህል ውስብስብ አይደለም። የመሬት አጠባውን መጠን የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው፤ ዝናቡ፣ አፈሩ፣ የተዳፋቱ ቁልቁለትና ርዝመት፣ የመሬቱ ሽፋን፣ የገበሬው አያያዝ። አምስቱን ታባዛቸዋለህ። ሁርኒ ቀመሩን ከአሜሪካ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ደጋ እንዲስማማ አድርጎታል። ተዳፋቱን እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር የተሠራው የከፍታ ልኬት ይሰጥሃል። ሽፋኑን ላንድሳት ይሰጥሃል፤ ከ1972 ጀምሮ ከላይ ሆኖ ሲያየን የኖረው፣ ምስሉም ከ2008 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ አውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2ን አምጥተው በ10 ሜትር ጥራት በነጻ ያድላሉ። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይታችንን ከቻይና አምጥቀናል። ሶፍትዌሩም በነጻ የሚወርድ አለ። "ቴክኖሎጂው ውድ ነው" የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ከሱ ቢሮ ኢንተርኔት በቀር ምንም እንደማይፈልግ ንገሩት።

ከዚያ ትልቁን ተፋሰስ በንዑስ ተፋሰስ ትከፋፍለዋለህ። ለእያንዳንዱ አማካይ አጠባውን ታሰላለህ። ደረጃ ትሰጣለህ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በቃ። 54ቱን ካሬ ኪሎ ሜትር በ30 ሜትር ምስል ብትቆርጠው 60,000 ገደማ ቁራጭ ነው። አንድ ተማሪ በላፕቶፕ ከሰዓት በፊት ይጨርሰዋል።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ቁጥሩ አይደለም። ትልቁ ጥቅም ሳተላይት ዘመድ የለውም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማሳ የት እንዳለ አያውቅም። ጎብኚ እንግዳ ሲመጣ ከአስፋልቱ የሚታየው ተራራ የትኛው እንደሆነ አይገደውም። እስቲ በየመንገዱ ዳር ያለውን እርከን ቁጠሩ፤ ከዚያ ከተራራው ጀርባ ዙራችሁ ቁጠሩ። ልዩነት ካገኛችሁ ማን እንደመረጠው እናንተው ገምቱ። "መኪና የሚያየው እርከን" የሚባል አዲስ የአፈር ጥበቃ ዓይነት ሊወጣለት ይገባል።

ግን ካርታውም ይዋሻል

እስካሁን ሳተላይቱን ያሞገስኩት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ደስ ብሏቸው ይሆናል። አሁን ተራው የነሱ ነው።

ይሄ ዓይነት ጥናት በአገራችን ሞልቷል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው ምስሉን ያወርዳል፣ ያባዛል፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ካርታ ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ "ንዑስ ተፋሰስ 7 ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል" ብሎ ይመረቃል። ንዑስ ተፋሰስ 7! ለመሆኑ ንዑስ ተፋሰስ 7 ማን ይባላል? የየትኛው ጎጥ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ማን ነው? እዚያ የሚያርሱት አያ እገሌ ማሳቸው "7" መባሉን ሰምተዋል? ቅድም ስለ ሁለቱ ጉማራ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ስም የሌለው ቦታ ላይ ዶማ አያርፍም። የገበሬው አገር በስም የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ገደልና ፈፋ ስም አለው። ቁጥር ሰጥቶ የሄደ ጥናት ለገበሬውም ለልማት ሠራተኛውም እንደተቆለፈ ሳጥን ነው።

ሁለተኛው ውሸት የጊዜ ነው። ይህኛው ከባድ ነው፤ ተከተሉኝ።

ክረምት ደመና ነው። ተራው ሳተላይት በደመና ውስጥ አያይም። ስለዚህ ተማሪያችን ጥርት ያለ ምስል ፍለጋ ኅዳርና ታኅሣሥን ወይም ጥርን ይመርጣል። አፈር የሚታጠበው ግን ሐምሌ ነው! ሰኔ መጨረሻ የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ፣ ራቁቱን ዝናብ ይጠብቃል። የመረሬውን መሬት ደግሞ አስቡት። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም አካባቢ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያ ማሳ ባዶውን ሲታጠብ ይከርማል። ኅዳር ላይ ሳተላይቱ ሲመጣ ሽምብራው አምሮ ለምልሞ ያገኘዋል፤ "ይሄማ ሽፋኑ ግሩም ነው" ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል። ሌባው ሰርቆ ከሄደ በኋላ የደረሰ ዘበኛ "ሰላም ነው" ብሎ እንደሚፈርመው ማለት ነው። መፍትሔው አለ፤ ደመና የሚያልፍ የራዳር ምስል ከሴንቲኔል-1 ከ2014 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። አለዚያም የሰብል አቆጣጠሩን ገበሬውን ጠይቆ ቁጥሩን ማረም ነው። ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቅ ደግሞ መውረድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ውሸት የዓይኑ ስፋት ነው። በ30 ሜትር ምስል ሩብ ሄክታር ማሳ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ብዙ ጥናት የተሠራበት የ90 ሜትር የከፍታ ልኬት ደግሞ ሦስት እንዲህ ያለ ማሳ በአንድ ነጥብ ይውጣል። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር እንዴት ይታየው? ፈሰስማ ጭራሽ አይታሰብም። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ማሳውን አሰያፍ በማረሻ የሚሰነጥቀው ፈሰስ ለሱ መዳኛ ነው፤ ለታችኛው ጎረቤቱ ግን የቦረቦር እናት ሊሆን ይችላል። ከጠፈር አይታይም፤ ከማሳው ዳር ቆሞ ላየ ሰው ግን ሕጻንም ያሳየዋል።

አራተኛው ውሸት ደግሞ የቀመሩ ነው። ያ አምስት ነገር የሚያባዛው ቀመር የሚያሰላው በተዳፋት ላይ የሚታጠበውን አፈር እንጂ ቦረቦርን አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጣቱን የሚጠቁመው ወደ ቀጥ ያለው ተራራ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ደብረ ማዊ ላይ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓመታት የለፉበት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ጎርፉ ከተራቆተው መሬት ብቻ ሳይሆን ከታች ውሃ ከጠገበው ለጥ ካለ መሬትም ይነሳል፤ ከግርጌው ጥቁር አፈር ውስጥ የሚናደው ቦረቦርም ከማሳው ሁሉ የበለጠ ደለል ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ ቀመሩ "ላይ! ላይ!" እያለ ሲጮህ አገሩ ከታች እየተናደ ነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። እኛ ደግሞ ካርታ እንስላለን።

እና ምን ይሁን? ካርታው ይጣል? በፍጹም! ዘመድ የሌለው ዳኛ በዚች አገር በቀላሉ አይገኝም። ግን ዳኛም ምስክር መስማት አለበት። ካርታው ከ60,000 ነጥብ ውስጥ "እነዚህን አስር ቦታዎች ሂዱና እዩ" ይበለን፤ በእግር ሄዶ ማየት ግን የሰው ሥራ ነው። ደረጃውን እንመነው፤ "በሄክታር 87.43 ቶን" የሚለውን ነጥብ-ነጥብ ግን ለመመረቂያ ወረቀቱ እንተውለት።

ቅድሚያ ለማን?

ማንም የማያነሳው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው። ቅድሚያ ሲባል ለምን ዓላማ?

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ነው። እሰየው! ከዚያ ወዲህ ስለ አፈር ጥበቃ ሲወራ "ግድቡን ከደለል ለማዳን" የሚል ቃል ይቀድማል። ጥሩ ቃል ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የማክሰኝት አፈር አብዛኛው ግድቡ ጋ አይደርስም። ጣና ላይ ነው የሚቀረው። ሐይቁ ራሱ ትልቅ የደለል ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ ዓላማችን ግድቡ ብቻ ከሆነ ካርታው ማክሰኝትን ዝቅ አድርጎ ከጣና በታች ያለውን የጎጃምና የወሎን ተዳፋት ያስቀድማል። ዓላማችን ጣና ከሆነ ማክሰኝት ከፍ ይላል። ዓላማችን የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከሆነ ደግሞ በደለል ሲሞላ ወደኖረው የአንገረብ ግድብ መሄድ ነው። ዓላማችን የገበሬው እንጀራ ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚታየው ወንዙ የወሰደው ቶን ሳይሆን ማሳው ላይ የቀረው ስንዝር ነው። ብዙ አፈር የሚያጣው ማሳ ገና ጥልቅ አፈር ሊኖረው ይችላል፤ ትንሽ የሚያጣው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ሊደርስ ሦስት ጣት ቀርቶት ይሆናል።

ካርታው ይህን አይመርጥልንም። እኛ ነን የምንመርጠው። መርጠንም ለገበሬው ፊት ለፊት መንገር አለብን፤ "የምትሸከመው ድንጋይ ለጣና ነው" ወይም "ለራስህ ማሳ ነው" ብለን። ለጣና ከሆነ ጣና የሚጠቅመው ሁሉ ይክፈል። ባለ ጀልባውም፣ ባለ ሆቴሉም፣ ከጣና በተጠለፈው የበለስ ውሃ የሚመነጨው መብራት የደረሰን ሁላችንም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀውን እምቦጭ በእጃችን ስንነቅል ዓመታት አለፉ፤ ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ነቅሏል። ከላይ ግን በየክረምቱ ከማሳ የታጠበ ለም አፈርና ማዳበሪያ ለአረሙ ምሳ እየላክንለት ነው። ምሳውን ሳያቋርጡ እንግዳ ሂድ ማለት ምን ይባላል?

"ግን እኮ…"

መልሱን አውቀዋለሁ። "ሁሉም ቀበሌ ልማት ይፈልጋል፤ አንዱን አስቀድመን ሌላውን ብንተው ቅሬታ ይነሳል" ይባላል። አዎ ይነሳል! ቅድሚያ መስጠት ማለት እኮ ለአንዱ "ና"፣ ለሌላው "ቆይ" ማለት ነው። "ቆይ" ማለት የማይችል አመራር ቅድሚያ የሚለውን ቃል ከዕቅዱ ያውጣው። ቅሬታው የሚከፋው ደግሞ ምክንያቱ ሲደበቅ ነው። ካርታው በቀበሌው ስብሰባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ የጎጡ ስም ተጽፎበት፣ "እዚህ ለምን ቀደመ?" ብሎ ለጠየቀ ቢመለስለት ገበሬው ከማንም በላይ ይረዳል። ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሌላው ደግሞ "ገበሬው ራሱ ያውቃል፣ ሳተላይት ምን ያደርጋል?" የሚለው ነው። ይሄኛው ደስ ይላል፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ። ገበሬው ማሳውን ያውቃል፤ የጎረቤቱንም ያውቃል። 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ግን ማንም በእግሩ ዞሮ አያወዳድርም፤ የጣና ተፋሰስ ደግሞ ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያከብርም። የላይኛው ቀበሌ ችግር የታችኛው ቀበሌ ቦረቦር ነው። ይህን አንድ ላይ የሚያሳይ ዓይን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መልስ የዘመኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የገባበት ግጭት ባለሙያ ጂፒኤስ ይዞ ተራራ ለተራራ የሚዞርበትን ጊዜ አላስቀረልንም። "እንግዲያውስ ቢሮ ተቀምጠን በሳተላይት ብቻ እንሥራ" የሚል ፈተና አለ። ይገባኛል። ለባለሙያ ነፍስ ማንም ዋጋ ሊያወጣላት አይችልም። ግን በቦታው ያለው ገበሬ አልሄደም፤ ስልክም አለው። ካርታውን ልኮ "ይህ ቀይ ቦታ እውነት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የቦረቦሩን ጫፍ በካስማ አስይዞ "ከባለፈው ክረምት ስንት እርምጃ ገፋ?" ማስባል ይቻላል። ጎርፍ ተኩስ አቁም አያውቅም፤ እስኪበርድ ድረስ አይጠብቀንም።

ስለዚህ

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ የምጠይቀው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ የኪሎ ሜትር ኮታው ይቅር። ወረዳው የሚጠየቀው "ስንት ኪሎ ሜትር ሠራህ?" ተብሎ ሳይሆን "ያ ቦረቦር ቆመ ወይ? የወንዙ ውሃ ጠራ ወይ?" ተብሎ ይሁን። ማክሰኝት ላይ ሁለቱን ንዑስ ተፋሰሶች ያወዳደሩት ሰዎች እንዴት እንደሚለካ አሳይተውናል።

ሁለተኛ፣ ደረጃው ከጥር በፊት በሰው ቋንቋ ይነገር። "ንዑስ ተፋሰስ 7" የሚል ጥናት ስሙን ጠይቆ ሳይጽፍ አይመረቅ። ይህ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ነው። ተማሪውን አንድ ሐምሌ ዝናብ ውስጥ አቁሙት፤ ከአስር ምስል ይበልጥ ያስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ ከራሱ ማሳ ውጪ ለሌላው ጥቅም ድንጋይ የሚሸከም ሰው ይከፈለው። እርከኑ ማሳውን ለሚቀንስበት ገበሬም ካሳ ይታሰብለት። በደርግ ጊዜ በእህል ክፍያ የተሠራው እርከን በ1983ቱ ለውጥ ሰሞን በብዙ ቦታ ለምን እንደፈረሰ እናስታውስ። ሰው የራሱ ያልሆነውን አይጠብቅም።

አራተኛ፣ ሳተላይቱ ከሥራው በፊት ብቻ ሳይሆን ከሥራው በኋላም ይይ። የተሠራ የድንጋይ እርከን ጥራት ባለው ምስል ከላይ ይታያል፤ ጉግል ኧርዝ ከፍታችሁ ሞክሩት። ሪፖርቱ የሚለውና ምስሉ የሚያሳየው ይገናኝ። አንዳንዱ ሪፖርት ይህን ሐሳብ እንደማይወደው እጠረጥራለሁ። ሳተላይት ዘመድ የለውም ብያችኋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ስለ ፖለቲካ አይደለም ብዬ ነበር። የማን ማሳ ይቅደም፣ በማን ጉልበት፣ ለማን ጥቅም፣ ማን ወስኖት? ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምን እንደሆነ ንገሩኝ። እስከዚያው ድረስ የሚመጣው ሐምሌ ዝናቡን ይዞ ይመጣል፤ የማክሰኝቱ ትንሹ ጉማራም ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። በመኪና መስኮት ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት። ያ ቀለም የሰው ርስት ነው።

ቸር ያሰማን።